ለጡረታ ያስቀመጥኩትን ቢትኮይን መቼ ልሽጥ? ወደ ደብረ ብርሃን ለመመለስ ለሚያስቡ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የመንዝ ተወላጅ፣ የ61 ዓመት ሰው ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር በአሜሪካ ሜሪላንድ ከ25 ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ሁለቱም የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ደመወዛቸው ተደምሮ በዓመት 60 ሺህ ዶላር ያህል ነው። በ63 ዓመታቸው ሥራ አቁመው፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ላይ በጀመሩት ቤት ለመኖር አስበዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 አጋማሽና መጨረሻ አንዱን በአማካይ በ12 ሺህ ዶላር ሒሳብ የገዙት 2 ቢትኮይን፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚገበያይ ዲጂታል ገንዘብ፣ አላቸው፤ ከእሱ ሌላ ልጃቸው ያስገዛቻቸው አራት አምስት ዓይነት ትናንሽ ኮይኖች ይዘዋል። በመሥሪያ ቤት የጡረታ ቁጠባ 40 ሺህ ዶላር ተቀምጦላቸዋል። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ በ67 ዓመታቸው ቢጀምሩ በወር 1,800 ዶላር ያገኛሉ። ቤቱን ለመጨረስ 30 ሺህ ዶላር፣ ለሁለቱ ኑሮ ደግሞ በወር 1,500 ዶላር እንደሚያስፈልግ አስበዋል። «ልጄ ‹አባዬ፣ እንዳትሸጥ፤ ገና ይወጣል› ትለኛለች፤ ባለቤቴ ደግሞ ‹ዛሬውኑ ሸጠህ ገላግለን› ትላለች። የቱን ልስማ?» ብለው ጠይቀዋል።

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ገንዘብ ነው። ልጅዎ የሚናገሩት ከ10 ዓመት በኋላ ስለሚያስፈልግ ገንዘብ ነው፤ ባለቤትዎ ስለሚቀጥለው ዓመት ብሎኬትና ሲሚንቶ ይናገራሉ። እርስዎ ሁለቱን ገንዘብ በአንድ ከረጢት አስቀምጠው «መቼ ልሽጥ?» ስላሉ መልሱ ጠፍቶብዎታል። ስለዚህ ዋጋው ምን ሊሆን ይችላል ከሚለው ሳይሆን፣ የትኛው ገንዘብ በየትኛው ዓመት ይበላል ከሚለው እንጀምር።

እርስዎ መንዝ ያደጉ ስለሆኑ ይህንን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በመንዝ የገበሬው ባንክ በጉ ነው። በልግ ሲቀር እህል ይወደዳል፤ ያን ጊዜ እህል የቸገረው ሁሉ በጉን እየነዳ በአንድ ሳምንት ገበያ ይወጣል፤ የበጉም ዋጋ ይወድቃል። በደህናው ጊዜ አንድ በግ የሚገዛው ገብስ በክፉው ጊዜ በሦስት በግም አይገኝም። የተረፈው ማን ነው? ዝናቡን የተነበየው አይደለም፤ ለፋሲካ በግ በሚፈለግበት ጊዜ ሁለቱን ሦስቱን ሸጦ፣ እስከሚቀጥለው አዝመራ የሚበቃ ገብስ ጎተራ ያስገባው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በክፉው ወቅት በጎቹን ለመሸጥ አይገደድም። የእርስዎም ጉዳይ ያው ነው፤ ቢትኮይኑ በጉ ነው፣ የጎተራው እህል ደግሞ በባንክ የተቀመጠ ዶላር ነው። ጥያቄው የጎተራው ስፋት ስንት ዓመት ይሁን የሚል ነው።

ለዚህ የቢትኮይን የራሱ ታሪክ ጥሩ መለኪያ ይሰጠናል። («ዓ.ም.» ያላልኩባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2013 መጨረሻ ከ1,100 ዶላር በላይ ነበረ፤ በ2015 መጀመሪያ ከ200 ዶላር በታች ወረደ፤ ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው በ2017 መጀመሪያ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከ19 ሺህ በላይ ወጣ፤ በዓመቱ 3,200 አካባቢ ደረሰ፤ የተመለሰው በ2020 ዲሴምበር ነው። በ2021 ኖቬምበር 69 ሺህ አካባቢ ደረሰ፤ በዓመቱ ከ16 ሺህ በታች ሆነ፤ በ2024 ማርች ተመለሰ። በእነዚህ ሦስት ውድቀቶች በእያንዳንዱ ከሦስት አራተኛ በላይ ዋጋውን አጥቷል፤ ለመመለስም ከ2 ዓመት ከ4 ወር እስከ 3 ዓመት ከጥቂት ወራት ፈጅቶበታል። ከዚህ ተነስቼ የምመክረው ጎተራ የ4 ዓመት ነው። በሚቀጥሉት 4 ዓመታት የሚበላ ገንዘብ በቢትኮይን መቀመጥ የለበትም።

ልጅዎ ምናልባት በየ4 ዓመቱ አዲስ የሚመረተው ቢትኮይን በግማሽ ስለሚቀነስበት፣ ሃልቪንግ ስለሚሉት ነገር ነግረውዎት ይሆናል። በ2012፣ በ2016፣ በ2020 እና በ2024 ተደርጓል፤ ጠቅላላ ብዛቱም ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ተወስኗል። ይህ እውነት ነው፤ ከቅነሳው በኋላ ዋጋው የወጣባቸው ጊዜያትም ነበሩ። ነገር ግን ሦስት አራት ጊዜ የታየ ነገር ልማድ እንጂ ሕግ አይባልም፤ የአንድ ቤተሰብን እንጀራ በእሱ ላይ መጣል ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

የመውደቁን ጉዳት በቁጥር ላሳይዎት። ለስሌት እንዲመች የአንዱን ዋጋ 90 ሺህ ዶላር እንበል። በዓመት 18 ሺህ ዶላር ለኑሮ ቢያስፈልግዎ 0.2 ቢትኮይን ይሸጣሉ፤ 2 ቢትኮይን የ10 ዓመት ስንቅ ይመስላል። ሥራ ባቆሙ ማግስት ዋጋው እንደ ቀድሞው በ75 በመቶ ወርዶ 22,500 ቢሆን ግን ያው 18 ሺህ ዶላር 0.8 ቢትኮይን ይበላል፤ የ10 ዓመት የመሰለው ስንቅ በሁለት ዓመት ተኩል ያልቃል። ዋጋው በሦስተኛው ዓመት እጥፍ ድርብ ቢሆን እንኳ ለእርስዎ የሚተርፍ የለም፤ ሸጠውታልና። አማካይ ዕድገቱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ውድቀቱ በጡረታ መጀመሪያ ዓመታት ከመጣ ጡረተኛውን ይሰብራል። የ25 ዓመት ወጣት ግን ደመወዝ ስላለው ይጠብቀዋል፤ የልጅዎ ምክር ለራሳቸው ትክክል የሆነው ስለዚህ ነው።

አንድ ያየሁትን ልጨምር፤ ስሙን አልጠራም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ማለትም የቢትኮይን ዋጋ ከፍ ባለበት ወራት፣ ከውጭ የመጣ አንድ ደንበኛ የቤት ፕላን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ነበር። የግንበኛው ዋጋ ተጠንቷል፣ መሬቱ ታጥሯል፣ መሠረቱ ወጥቷል። የቀረው ለአንደኛው ፎቅ የሚሆነውን ቢትኮይን መሸጥ ብቻ ነበር። «ገና ሁለት ወር ልየው» አለ። ከሁለቱ ወር በኋላ ወርዶ ነበርና «እስኪመለስ» አለ። እስኪመለስ ድረስ ሁለት ዓመት አለፈ፤ በዚያ መሃል የፌሮና የሲሚንቶ ዋጋ ወጣ። ዛሬም በዚያ መንገድ ሳልፍ ከኮለኖቹ አናት ላይ ወደ ሰማይ የቆመው ፌሮ ዝጎ፣ ከዝናቡ ጋር ሲሚንቶውን ቀይ አድርጎ ሲያወርድ አየዋለሁ። ሰውየው ሰነፍ ወይም ሞኝ አልነበረም፤ የሚሸጥበትን ቀን አስቀድሞ አለመወሰኑ ብቻ ነው የጎዳው። ይህ በእርስዎ ቤት እንዳይደገም ከልቤ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ራስዎ ቁጥሮች እንግባ። በ63 ዓመትዎ ሥራ ሲያቆሙ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሶሻል ሴኩሪቲውን ወዲያው መጀመር ነው፤ ያን ጊዜ ከሙሉው 75 በመቶ፣ ማለትም በወር 1,350 ዶላር ያገኛሉ፤ ቅነሳው ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ሁለተኛው እስከ 67 መጠበቅና 1,800 መቀበል ነው። መጠበቁ በአራት ዓመት 64,800 ዶላር ያስቀርብዎታል፤ ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ 5,400 ዶላር ይጨምርልዎታል፤ ስለዚህ ያስቀሩትን የሚያካክሱት በ79 ዓመትዎ ነው። ብዙ ሰው ይህን ስሌት አይቶ «79 ማን ይደርሳል?» ይላል። እኔ ግን የማየው ሌላውን ነው፤ ይህ ጡረታ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር የሚስተካከል፣ እርስዎ ቢቀድሙም ለባለቤትዎ የሚተርፍ ገቢ ነው። ከቢትኮይን ጋር ሲነጻጸር ተቃራኒ ጠባይ አለው። የሚወጣ የሚወርደውን ሸጦ የማይወርደውን ጡረታ ማሳደግ፣ ለእርስዎ ዕድሜ ከሁሉ የተሻለው የቢትኮይን ጥቅም ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ የ4 ዓመቱ ጎተራ ዛሬ ምን ይይዛል? ቤቱ 30 ሺህ ነው። ከ63 እስከ 65 ያሉት የሁለት ዓመት ኑሮ 36 ሺህ ነው። ድምሩ 66 ሺህ ዶላር ነው፤ ይህ ገንዘብ በቢትኮይን ውስጥ አንድ ዓመት እንኳ መቆየት የለበትም። ከ65 እስከ 67 የሚያስፈልገው ሌላው 36 ሺህ ግን ከአራት ዓመት በላይ ስለሚርቅ ለጊዜው ሊቆይ ይችላል። ሊቆይ ይችላል የምለው ማምለጫ ስላለው ነው፤ ያን ጊዜ ዋጋው ወድቆ ቢገኝ ሳይሸጡ ሶሻል ሴኩሪቲውን በ65 ይጀምራሉ። በ65 ከሙሉው 86.7 በመቶ ያህል ስለሚከፈል 1,560 ዶላር ይሆናል፤ ከሚፈልጉት 1,500 አያንስም። በክፉው ጊዜ በጉን ከመሸጥ የሚያድንዎ በር ይህ ነው።

ግብሩን እንየው፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። ከአንድ ዓመት በላይ የያዙት ቢትኮይን ሲሸጥ በረጅም ጊዜ ትርፍ ስለሚታሰብ፣ የፌዴራሉ መጣኔ 0፣ 15 ወይም 20 በመቶ ነው። በ2025 ስሌት ባልና ሚስት አብረው ሲያሳውቁ ግብር የሚታሰብበት ገቢያቸው እስከ 96,700 ዶላር ድረስ ከሆነ መጣኔው 0 ነው። ከ60 ሺህ ደመወዛችሁ ላይ 31,500 የሚሆነው፣ ግብር የማይታሰብበት መደበኛ ቅናሽ ሲነሳ 28,500 ይቀራል፤ ስለዚህ በአንድ ዓመት 68,200 ዶላር የሚሆን ትርፍ ያለ ፌዴራል ግብር መውሰድ ትችላላችሁ። የሜሪላንድ ግዛትና የካውንቲው ግብር ግን አለ፤ ከ100 ዶላር ትርፍ 8 ዶላር ያህል ለይተው ያስቀምጡ። 66 ሺህ ዶላር በእጅዎ እንዲገባ 0.79 ቢትኮይን መሸጥ አለብዎት፤ ትርፉ 61,600 ያህል ስለሚሆን ከገደቡ በታች ነው፤ ለግዛቱ የሚከፈለውም ወደ 4,900 ይጠጋል።

አንድ ጠንቃቃ ሰው እዚህ ላይ «ሥራ አቁሜ ከሜሪላንድ ብወጣ ይህም 4,900 ይቀርልኝ የለ?» ሊል ይችላል። ልክ ነው፤ ይቀርለታል። ነገር ግን 4,900 ዶላር ለማትረፍ ብሎ 71 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ነገር ለሁለት ዓመት ለአደጋ ማጋለጥ ሚዛኑ የተዛባ ነው። ይህን የግብር ዕድል ለቀሪው ይጠቀሙበት፦ ደመወዝ ቆሞ ሶሻል ሴኩሪቲ ያልጀመሩባቸው ዓመታት ለመሸጥ የሚመቹ ናቸው። ገቢዎ ባዶ ስለሚሆን ሰፊ ትርፍ በ0 መጣኔ ያልፋል፤ ጡረታው ከጀመረ በኋላ ግን የቢትኮይኑ ትርፍ ከጡረታው ጋር ሲደመር እስከ 85 በመቶ የሚሆነውን የጡረታ ክፍያ ግብር ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ደብረ ብርሃን መኖርዎ የአሜሪካን ግብር እንደማያስቀር ደግሞ አይርሱ፤ ዜጋ የትም ቢኖር ያሳውቃል።

አሸጣጡን በተመለከተ፣ 0.79ኙን በአንድ ቀን መሸጥም ሆነ «ትንሽ ሲወጣ» እያሉ መጠበቅ አያስፈልግም። በአራት ቦታ ከፍለው፣ በየሦስት ወሩ በተወሰነ ቀን ይሽጡ፤ ቀኖቹን ዛሬ በወረቀት ላይ ይጻፉና ባለቤትዎም ይፈርሙበት። ቀኑ ሲደርስ ዋጋው ዝቅ ብሎ ቢገኝም ይሽጡ፤ በዚያ ቀን «አይ፣ ይቆይ» የሚል ስሜት እንደሚመጣ አውቄ ነው አስቀድሜ የምነግርዎ። ትናንሾቹን ኮይኖች ግን ከሁሉ በፊት ይሽጧቸው፤ ቢትኮይን ከላይ ባየናቸው ሦስት ጊዜያት ወድቆ ተመልሷል፣ ከእነሱ ብዙዎቹ ወድቀው ቀርተዋል። በ2022 ሜይ ሉና የሚባለው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋጋ ቢስ መሆኑን ያስታውሱ ይሆናል።

የተሸጠበት ዶላር ቢትኮይኑ በሚሸጥበት የመገበያያ ድርጅት ሒሳብ ውስጥ አይደር። በ2022 ኖቬምበር ኤፍቲኤክስ የሚባለው የመገበያያ ድርጅት ሲወድቅ ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ማውጣት ተከልክለው ነበር። ወደ አሜሪካ ባንክ ይውሰዱት፤ እዚያ እስከ 250 ሺህ ዶላር ድረስ የመንግሥት ዋስትና አለው። ለ63ኛውና ለ64ኛው ዓመት የሚሆነውን በየዓመቱ በሚደርስ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ማስያዝ ይቻላል።

ወደ ብርስ መቼ ይለወጥ? በዚህ ላይ አሳቤ ጠንከር ያለ ነው፦ ወጪው ሲደርስ ብቻ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በሰኔ ወር የቤት መሥሪያቸውን ሁሉ ወደ ብር ለውጠው ያስቀመጡ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። ለግንበኛው የሚከፈለውን በየምዕራፉ፣ ለኑሮ የሚሆነውን በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ በሕጋዊ የገንዘብ ማስተላለፊያ በባንክ ይላኩ።

ቢትኮይኑን ራሱን አምጥቶ እዚህ ለሰው ሸጦ ብር የመቀበል ሐሳብ ካለዎት ግን እባክዎ ይተዉት። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ እንደሆነና በክሪፕቶ፣ ማለትም በቢትኮይንና በመሰሎቹ፣ መገበያየት ሕገ ወጥ እንደሆነ አሳውቋል። የኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን ማምረቻዎች ስለተሸጠ መገበያየቱም የተፈቀደ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሽያጩ ሁሉ አሜሪካ ውስጥ ይጠናቀቅ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ ሰው የተቸገረበት ጉዳይ አለ። የመገበያያው ድርጅት የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር በአሜሪካው ስልክዎ ላይ ነው የሚመጣው። ሲምዎን ዘግተው ደብረ ብርሃን ከገቡ በኋላ ለመሸጥ ቢሞክሩ በገዛ ገንዘብዎ ደጅ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ከመምጣትዎ በፊት የስልክ ቁጥሩ እንዳይቋረጥ ያድርጉ፤ ማረጋገጫውንም ከስልክ መልእክት ወደ ማረጋገጫ መተግበሪያ ያዛውሩ፤ ባንክዎም አድራሻ መለወጥዎን ይወቅ። ቢትኮይኑ በራስዎ ዋሌት፣ ማለትም ቁልፉን ራስዎ በያዙት ዲጂታል ቦርሳ፣ ውስጥ ከሆነ ደግሞ 12ቱ ወይም 24ቱ የመክፈቻ ቃላት በወረቀት ተጽፈው ባለቤትዎ በሚያውቁት ቦታ መቀመጥ አለባቸው። እነዚያን ቃላት እርስዎ ብቻ ካወቋቸው፣ እርስዎ ባይኖሩ ወራሽ የሚባል ነገር የለም፤ ፍርድ ቤትም ሊያስከፍተው አይችልም።

የመሥሪያ ቤቱን 40 ሺህ ዶላር ለምን አላነሳሁም? ለሕመምና ላልታሰበ ነገር ስለምተወው ነው። ከ59 ዓመት ተኩል በላይ ስለሆኑ ያለ ቅጣት ማውጣት ይችላሉ፤ የገቢ ግብር ግን አለው። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን በ65 ቢጀምርም ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ወርዶ መታከምም ሆነ ተመልሶ አሜሪካ መሄድ ከዚህ ገንዘብ ይወጣል። በዚህ ምክንያት በወር 1,500 ያሉትን ሳልጨምርበት ትቼዋለሁ።

ከ0.79ኙ በኋላ 1.21 ቢትኮይን ይቀራል። ከዚህ ውስጥ 36 ሺህ ዶላር የሚያወጣው፣ በዛሬው የስሌት ዋጋችን 0.4 ያህል፣ ከ63 እስከ 65 ባለው የግብር ነፃ ጊዜ ቀስ ተብሎ ይሸጣል፤ ዋጋው ከወደቀ ከላይ ባልኩት በር ይወጣሉ። ቀሪው 0.81 የልጅዎ ምክር የሚሠራበት ነው። ከ67 በኋላ 1,800 ዶላሩ ኑሮዎን ስለሚሸፍን፣ ይህ ክፍል ቢጠፋ እንኳ ከማዕድዎ ላይ አንድ እንጀራ አያነሳም፤ ቢያድግ ደግሞ ለልጅዎ ይተርፋል። ለእሱም ቢሆን አንድ ደንብ ይጻፉ፦ ዋጋው አሁን ከተነሳንበት እጥፍ በሆነ ቁጥር አንድ አራተኛውን ሸጠው ወደ ባንክ ይውሰዱ።

ይህ ሁሉ የተሠራው በ30 ሺህና በ1,500 ላይ ተመሥርቶ ነው። 1,500ው እርስዎ ሜሪላንድ ሆነው የገመቱት ነው፤ 30 ሺህ ደግሞ ግንበኛው መቼ እንደሰጠዎት አልገለጹልኝም። የሽያጩን የመጀመሪያ ቀን ከመወሰንዎ በፊት፣ ጠባሴ ያለው ሰውዎ የጣሪያውን፣ የፌሮውንና የበር መስኮቱን ዋጋ የዚህን ወር አድርጎ፣ አንድ በአንድ በጽሑፍ ይላክልዎ። የቤቱ ወጪ 40 ሺህ ሆኖ ከመጣ የሚሸጠው 0.79 ሳይሆን 0.91 ነው፤ ትርፉም 71 ሺህ ያህል ስለሚሆን ከ68,200ው ገደብ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ከአራቱ ሽያጮች ሁለቱን ከዲሴምበር 31 በፊት፣ ሁለቱን ከጃንዋሪ 1 በኋላ ያድርጓቸው።